ጳጉሜ ስድስትን የሚያውቅ ኮድ

ሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው የሜክሲኮ መንግሥት በ1930ዎቹ የጣልያንን ወረራ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት አውግዞ አልቀበልም በማለቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጠላት በወጣ ማግስት ዛሬ ሜክሲኮ በምንለው ሰፈር ዙሪያ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ በ1942 ተግባረ ዕድ፣ በ1943 በሰንጋ ተራ በኩል የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት። ከተግባረ ዕድ የእጅ ባለሙያ፣ ከንግድ ሥራ የሒሳብ ሠራተኛና ጸሐፊ ይወጣ ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ በታይፕ መጻፍ ሲጀምሩ ከዚያ የሠለጠኑ ጣቶች ያስፈልጓቸው ነበር።

ጣቶቹ ግን የሚያርፉበት መኪና አስቀድሞ አንድ ከባድ ጥያቄ መመለስ ነበረበት። የአማርኛ ፊደል ሠላሳ ሦስቱ ቤቶች በሰባት ሆሄ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ነጥቦቹና ቁጥሮቹ ሳይጨመሩ ማለት ነው። የታይፕ መኪና ይህን ያህል ቁልፍ አይሸከምም። ኢንጂነር አያና ብሩ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ የታገለው ከዚህ ጋር ነበር። የተገኘው መላ ፊደሉን መበተን ነው፤ ግንዱ አንድ ቁልፍ፣ ቅጥያው ሌላ ቁልፍ፣ ጸሐፊዋ ሁለቱን በወረቀቱ ላይ ትገጥማቸዋለች። በ1960ዎቹ ተረፈ ራስወርቅ ለቴሌኮሙኒኬሽን የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሲቀርጽ ያንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ አገኘው፤ በሽቦ የሚሄድ ምልክት ስንት ፊደል ሊሸከም ይችላል? የሁለቱም ሰዎች መልስ ከመኪናው ጋር በብረት ተቀርጾ ቀረ። ሌላ ሰው ሌላ መኪና ሊሠራ ቢነሣ ከእነርሱ ሥራ ገልብጦ የሚወስደው ነገር አልነበረም፤ ከሀ መጀመር ነበረበት።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀጥሎ የምተርከው ታሪክ በሙሉ ከዚህ ችግር ለመውጣት የተደረገ ጥረት ነው። ስለ ፊደላችን፣ ስለ ቁጥራችንና ስለ ባሕረ ሐሳባችን የተጠናው ዕውቀት አንድ ቦታ ላይ አንድ ጊዜ በትክክል ተጽፎ፣ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ እንዲደርስ።

በ1980ዎቹ ኮምፒውተር መጣ። በአሜሪካ ይኖሩ የነበሩት ፍስሐ አትላው በዳሽን ኢንጂነሪንግ፣ ዶክተር አበራ ሞላ በሞድኢት ፊደሉን ወደ ግል ኮምፒውተር አስገቡ። ቀጥሎ ሌሎች ብዙዎች ተነሡ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየቢሮው የሚታወቁ ስሞች ሆኑ። ሥራው በጣም ያስመሰግናል፤ መሠረቱ ግን የተበታተነ ነበር። የዚያን ጊዜው ፎንት በአንድ ባይት የሚሠራ ስለሆነ ከ256 ቦታ በላይ የለውም፤ ከዚያ ውስጥም የተወሰነው ለማሽኑ የተያዘ ነው። ስለዚህ አንዱ ሠሪ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፣ ሌላው የታይፕ መኪናውን ዘዴ መልሶ ግንድና ቅጥያ አደረገው፣ ሦስተኛው ብዙ የማይመጡትን ፊደላት ተወ። ለእያንዳንዱ ቦታ የትኛው ፊደል እንደሚሰጥም ሁሉም ለየብቻው ወሰነ። ሜክሲኮና ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ የጽሕፈት ቤት በአንዱ ፎንት የተጻፈ ማመልከቻ ሌላ ፎንት ባለበት ቤት ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው ፋይሉን ይዞ ወደ መጀመሪያው ጽሕፈት ቤት ከመመለስ በቀር ምርጫ እንዳልነበረው ያውቃል።

በእነዚያው ዓመታት በሌላው ዓለም የፕሮግራም አጻጻፍ ላይ አንድ ልማድ እየሰፈነ ነበር። ሲ የሚባለው ቋንቋ ፈጣንና ጥብቅ ነው፤ ማሽኑ ውስጥ ያለውን ባይት ሁሉ ትቆጣጠርበታለህ። ነገር ግን አንዲት መስመር ብትለወጥ ፕሮግራሙን እንደገና ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ቋንቋ መተርጎም፣ ያስፈልጋል፣ በማስታወሻ አያያዝ ላይ ትንሽ ብትሳሳት ፕሮግራሙ ይወድቃል። ስለዚህ ከባዱን ሥራ በሲ ሠርቶ፣ ከላዩ በቀላሉ የሚጻፍና የሚለወጥ የስክሪፕት ቋንቋ ማድረግ ተወደደ። ላሪ ዎል በታኅሣሥ 1987 የመጀመሪያውን ፐርል አወጣ። ጆን ኦስተርሃውት በ1988 በበርክሊ ቲሲኤል የተባለውን ቋንቋ የጀመረው ከመሠረቱ በሲ ፕሮግራም ውስጥ እንዲከተት አስቦ ነው።

ይህን ልማድ ቶሎ ከያዙት መካከል ፈታሾች ይገኛሉ። ፍተሻ ባሕርዩ እንዲህ ነው፤ የሚፈተሸው ነገር በሲ የተጻፈና የማይነቃነቅ ሊሆን ይችላል፣ ፈተናው ግን በየቀኑ ይጨመራል፣ ይለወጣል። ዶን ሊብስ በ1990 ኤክስፔክት የተባለውን መሣሪያ በቲሲኤል ላይ ሠራ፤ ሰው በኪቦርድ እንደሚያደርገው ፕሮግራሙን ይጠይቃል፣ መልሱን ይጠብቃል፣ ያነጻጽራል። በ1989 ደግሞ ኤክስ ኦፕን፣ ዩኒክስ ኢንተርናሽናልና ኦኤስኤፍ የተባሉት ሦስት ማኅበራት ተባብረው ቴት የተባለ የፍተሻ ማዕቀፍ ማሠራት ጀመሩ። ቴት በሲ የተጻፈ ነው፤ ፈተና ለመጻፍ በመጀመሪያ የሲና የሼል በር ነበረው። ከዚያ በኋላ የፐርል በር ተከፈተለት፣ ሌሎችም ተከተሉ። ፕሮግራመሮች ባይንዲንግ የሚሉት ማያያዣ ማለት ይህ በር ነው።

ፐርል ራሱ ከመጀመሪያው ዕትሙ ጀምሮ ከፈተናዎቹ ጋር ነበር የሚታደለው። የፈተናው አጻጻፍ እጅግ ቀላል ነው። ፈተናው መጀመሪያ ስንት ጥያቄ እንዳለው ያትማል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከነቁጥሩ «ኦኬ» ወይም «ኦኬ አይደለም» የሚል አንድ መስመር። ከላይ የተቀመጠ ሌላ ፕሮግራም መስመሮቹን አንብቦ ይደምራል። ይህ ነገር ከጊዜ በኋላ ስምና ደንብ ተሰጥቶት በብዙ ቋንቋዎች ተስፋፍቷል። ለእኛ ታሪክ የሚጠቅመው ግን ሌላ ነው፤ ማንም ሰው በማንም ማሽን ላይ አንድ ትእዛዝ ሰጥቶ «ይህ ኮድ በእኔ ቤት ትክክል ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንዲችል አደረገ።

ወደ ፊደሉ ስንመለስ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ የተገናኙ ኢትዮጵያውያንና የግዕዝ ፊደል ወዳጆች በላቲን ፊደል አማርኛ ይጻጻፉ ነበር፤ ሁሉም በየፊናው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን ሥርዓት ያዘጋጁት በዚህ ጊዜ ነው። ሴራ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በተራው የላቲን ኪቦርድ እንዴት እንደሚጻፍ ይደነግጋል። ደንቡ የሚጠነክርበት ቦታ አለ፤ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ ጸና ፀን አይደባልቅም። የተጻፈው ሁሉ ወደ ፊደል ተመልሶ አንዲት ሆሄ ሳትጠፋ መገኘት አለበት። ይህ ከሁሉ በላይ ለፍተሻ የሚመች ጠባይ ነው፤ ጽሑፉን ወደ ላቲን ወስደህ መልሰህ ስታመጣው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ካልሆነ አንድ ነገር ተሳስቷል።

ሴራን ቀድመው ሥራ ላይ ካዋሉት አንዱ የጃፓን ሰው ነው ብል አንባቢ ይገረም ይሆናል። በፁኩባ የሚገኘው የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ ሙል የተባለ ብዙ ፊደል የሚችል የኢማክስ ጽሑፍ ማዘጋጃ ይሠራ ነበር፤ ታካሃሺ ናኦቶ በእርሱ ውስጥ የግዕዝን ፊደል በሴራ አስገባ። በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 ይህን ይዞ ወጣ። የኢማክስ አሠራር ራሱ ከላይ የጠቀስኩት ልማድ ነው፤ ውስጡ በሲ፣ ላዩ በሊስፕ። የግዕዙ ሥራ የተሠራው በላዩ ነው። ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ፊደላችንን ገና ሳይቀበል አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የኢማክስ ተጠቃሚ በላቲን ኪቦርድ «ሰላም» ብሎ መጻፍና ፋይሉን ወደ ሴራ መመለስ ይችል ነበር።

በዚያው በ1990ዎቹ ዳንኤል ያዕቆብ ሊብኢት የተባለውን የሲ ላይብረሪ ጻፈ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር። በየአቅጣጫው የተበታተነውን የፎንት ዓይነት ሁሉ የሚያውቅና ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገለብጥ፣ የግዕዝን ቁጥር የሚጽፍ፣ ዘመን የሚቀይር፣ በዓል የሚቆጥር አንድ ቤት። ኮዱ ክፍት ነበር። ሲን የመረጠበትን ምክንያት ለመረዳት አይከብድም፤ በሲ የተጻፈ ላይብረሪ ከማንኛውም ቋንቋ ሊጠራ ይችላል፣ በማንኛውም ማሽን ላይ ሊሠራ ይችላል። በዚያ ጊዜ ለብዙ ዓመት እንዲኖር የሚፈለግ ነገር የሚጻፈው በሲ ነበር።

ሆኖም የሲ ላይብረሪ ብቻውን ማንንም አያገለግልም። የዚያን ጊዜው ድረ ገጽ በስተጀርባው ፐርል ነበር። አንባቢው የትኛው ፎንት እንዳለው ይመርጣል፤ ሰርቨሩ ጽሑፉን ወደዚያ ፎንት ገልብጦ ይልክለታል። ላይቭ ግዕዝ የተባለው የዳንኤል ያዕቆብ ሥርዓት የሠራው ይህን ነው። ሥርዓቱ ከላይ ፐርል፣ ከታች ሊብኢት፣ በመሀል ማያያዣ ነበር። ማያያዣው ቆይቶ ኮንቨርት ኢትዮፒክ በሚል ስም የፐርል ሞጁሎች በሚከማቹበት በሲፓን ለሕዝብ ቀረበ።

ማያያዣ እንዴት እንደሚጻፍ ጥቂት ልዘርዝር፤ የታሪኩ ልብ እዚህ ላይ ነውና። በ1994 የወጣው ፐርል 5 ኤክስኤስ የሚባል የማያያዣ ቋንቋ ይዞ መጣ። ግማሹ ሲ ነው፣ ግማሹ መግለጫ፤ «ይህ ፋንክሽን ቁጥር ይቀበላል፣ ጽሑፍ ይመልሳል» ትለዋለህ፣ አንድ ተርጓሚ ፕሮግራም ከዚያ ሙሉውን የሲ ኮድ ያወጣል። በ1995 ዴቪድ ቢዝሊ በሎስ አላሞስ ላቦራቶሪ ስዊግ የተባለውን መሣሪያ ጀመረ፤ የሲውን መግለጫ አንብቦ ለብዙ የስክሪፕት ቋንቋዎች ማያያዣውን ራሱ የሚያመነጭ። መሣሪያዎቹ ድካሙን ያቀልላሉ። ኃላፊነቱን ግን አያነሡም። ማያያዣ ልደታ ፍርድ ቤት ችሎት ላይ እንደሚቆም አስተርጓሚ ነው፤ ከምስክሩ ቃል ላይ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ የራሱን ሐሳብ አይሰጥም፣ ነገር ግን አንዲት ቃል ቢስት ፍርዱ ይዛባል።

ማያያዣ የሚስተው ከሦስት ቦታዎች በአንዱ ነው። የመጀመሪያው የማስታወሻ ባለቤትነት ነው። ሲው 2016ን ወደ ግዕዝ ቁጥር ሲቀይር መልሱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ከማሽኑ ማስታወሻ ይጠይቃል። መልሱን ለፐርል ሲያስረክብ ያንን ቦታ ማን ይመልሰው? ፐርል የራሱን ቅጂ ወስዶ ሳለ ማያያዣው የሲውን ቦታ ካልመለሰ፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የሚውል ሰርቨር ቀስ በቀስ ማስታወሻው ሞልቶ ይቆማል። ቀድሞ ከመለሰው ደግሞ ፐርል ባዶ ቦታ ያነብባል። በስክሪፕቱ በኩል ለሚጽፈው ሰው ይህ ሁሉ አይታየውም፤ ሊታየውም አይገባም።

ሁለተኛው የጽሑፍ ርዝመት ነው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው። ዩቲኤፍ 8 በተባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ ሲጻፍ ግን እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ዘጠኝ ባይት ይሆናል፤ ሲም ርዝመቱን ብትጠይቀው ዘጠኝ ይልሃል። የዚያን ጊዜው ፐርልም የሚቆጥረው ባይት ነበር። ስለዚህ ማያያዣው ከየትኛው ወገን ባይት፣ ከየትኛው ወገን ፊደል እንደሚነጋገር መወሰን ነበረበት። ውሳኔው ካልጠራ ቃል ከመሀሉ ይቆረጣል፤ ግማሽ «ላ» ወደ ስክሪኑ ይመጣል።

ሦስተኛው በሲም በፐርልም የማይገኘው ነው፤ የዕውቀቱ ትክክለኛነት። ዳንኤል ያዕቆብ በጽሑፍ ያስቀመጠውን የግዕዝ ቁጥር አጻጻፍ ብንወስድ፣ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረጉ መክፈል ነው። ከዚያ ፻ና ፼ በየተራ ይጨመራሉ። የሚያስቸግረው ፩ ነው። መቶ ሲጻፍ ፻ እንጂ ፩፻ አይባልም፤ አሥር ሺህም ፼ ብቻ ነው። ሚሊዮን ፻፼ ይጻፋል። ሚሊዮን ከአሥር ሺህ ሲሆን ግን ፻፩፼ ነው፤ እዚህ ላይ ፩ ሊጣል አይችልም፣ ከተጣለ አሥሩ ሺህ ይጠፋል። እንግዲህ ፈታሹ እነዚህን አራት ቁጥሮች ብቻ ቢጠይቅ የኮዱን ትክክለኛነት ከግማሽ በላይ ያውቃል። ሺህ ተራ ቁጥር ከመጠየቅ ድንበር ላይ ያሉትን ጥቂቶች መጠየቅ ይበልጣል።

ዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ዛሬም ቢሆን ብዙ ፕሮግራመር «መስከረም 1 ማለት ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ ይጀምርና ጳጉሜ 6 በምትውልበት ዓመት ማግሥት አንድ ቀን ይጨምራል። ይህ በእኛ ዘመን ይሠራል። በ2015 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜ 6 ውላ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ሆነ። ኮዱ አለፈ። አሁን ስለ ዐድዋ ጠይቁት። የካቲት 23 በዚህ መቶ ዓመት ምንጊዜም ማርች 2 ነው፤ የድል በዓሉን የምናከብረው በዚያ ቀን ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። አውሮፓውያን በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ዘለሉ፣ እኛ አልዘለልንም፤ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። በ2100ም እንዲሁ ይሰፋል። የማይናወጠው መንገድ ቀኖቹን ሁሉ ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ በተከታታይ መቁጠርና ከቁጥሩ ወደየትኛውም አቆጣጠር መሄድ ነው፤ ደርሾዊትዝና ራይንጎልድ ስለ ዘመን አቆጣጠር ስሌት በ1990ዎቹ ያሳተሙት ሥራ በዓለም ዙሪያ ያስለመደው ይህን መንገድ ነው፤ የኢትዮጵያም ዘመን በውስጡ አለ። ለእኔ ለዘመን መቀየሪያ ኮድ ከዐድዋ ቀን የተሻለ የመጀመሪያ ፈተና የለም። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ መልሱን ከታሪክ መጽሐፍ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ የሰነፍ ኮድ ደግሞ እዚያ ላይ ይጋለጣል።

ፈተናው መጻፍ ያለበት በየትኛው በኩል ነው የሚል ክርክር በማያያዣ ሥራ ላይ ሁሌም አለ፤ በሲው በኩል ወይስ በስክሪፕቱ በኩል? እኔ የስክሪፕቱን ወገን እይዛለሁ። በሲው በኩል የተጻፈ ፈተና ሲውን ብቻ ይፈትሻል። በስክሪፕቱ በኩል የተጻፈው ግን በአንድ ጥያቄ ሦስቱንም ይፈትሻል፤ ዕውቀቱን፣ ሲውን፣ ማያያዣውን። ፈተናው ቢወድቅ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት ከበድ ይላል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ተጠቃሚው የሚቆመው በዚያ በኩል ነው። ደግሞም የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ወይም የታሪክ መምህር ሲ ማንበብ ባይችል እንኳ «1888፣ የካቲት፣ 23» የሚል የስክሪፕት መስመር አንብቦ መልሱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ሊናገር ይችላል።

በ1998 ደግሞ በሲፓን ዙሪያ የበጎ ፈቃደኞች የፍተሻ መረብ ተጀመረ። ማንም ሰው ሞጁል ባስገባ ቁጥር በየአገሩ ያሉ ሰዎች በራሳቸው ማሽን ላይ ጭነው ፈተናውን ያስኬዳሉ፤ ማለፉንና መውደቁን ይመዘግባሉ። ንጹሕ የፐርል ሞጁሎች በዚህ መረብ ብዙ ጊዜ በሰላም ያልፋሉ። ማያያዣ ያለባቸው ግን ይቸገራሉ። በፈታሹ ማሽን ላይ ኮምፓይለር ላይኖር ይችላል፣ የሲው ላይብረሪ ላይገኝ ይችላል፣ የማሽኑ ዓይነት ሌላ ሊሆን ይችላል። የማያያዣ ዋጋው እዚህ ላይ በገሃድ ታየ። የሲው ኮድ የትም ይሠራል መባሉ ትክክል ነው፤ የትም ለመሥራት ግን በየቦታው እንደ አዲስ መገንባት አለበት።

ከዚያ መሬቱ ራሱ ተለወጠ። በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል በ345 ምልክቶች ገባ። ለዚህ ፍስሐ አትላው፣ ዳንኤል ያዕቆብና ሌሎችም ዓመታት ደክመዋል። አደራደሩን የሠሩት ሰዎች ለፕሮግራመር አስበዋል፤ እያንዳንዱ ቤት በስምንት ቦታ ተደርድሯል፣ ሀ በመጀመሪያው፣ ለ ከስምንት ቦታ በኋላ። ስለዚህ የአንድን ፊደል ቁጥር ለስምንት አካፍለህ ቀሪውን ብታይ ግዕዝ ይሁን ካዕብ፣ ሣልስ ይሁን ራብዕ ታውቃለህ። ከጥቂት ዲቃላዎች በቀር ሕጉ ይሠራል። ድሮ በየፎንቱ ሰንጠረዥ የሚፈልግ ሥራ አንዲት መስመር ሆነ። በ2005 የወጣው ዩኒኮድ 4.1 ደግሞ ለሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉትን ፊደላት ጨመረ።

ፐርልም ተከተለ። በ2000 የወጣው 5.6 ዩኒኮድን ማወቅ ጀመረ፤ በ2002 የወጣው 5.8 በደንብ አወቀ። «ሰላም» ሦስት ሆነ። ሊብኢትን አስፈላጊ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው፣ በፎንቶች መካከል መገልበጥ፣ ቀስ በቀስ ክብደቱ ቀነሰ። ዳንኤል ያዕቆብ ከ2003 ወዲህ ያወጣቸው አዳዲስ ሞጁሎች፣ የግዕዝ ቁጥሩ፣ የኢትዮጵያ ዘመኑ፣ በፊደል ቤትና ሆሄ የሚፈልገው፣ በሙሉ በፐርል የተጻፉ ናቸው። ሲም ማያያዣም የለባቸውም። በሲ ተጽፎ የነበረው ዕውቀት ወደ ስክሪፕቱ ወጣ።

ይህን እንደ ሽንፈት የሚያየው ሰው ይኖራል። እኔ አላየውም። ኮምፓይለር የማያውቅ ተማሪ አዲሶቹን ሞጁሎች በአንድ ትእዛዝ ሊጭናቸው ቻለ፤ ኮዱን ከፍቶ ሊያነበውም ቻለ። ሊብኢት ለእነዚህ ሞጁሎች መነሻ ሆኗቸዋል። ቁም ነገሩ የቁጥሩ ሕግና የዘመኑ ስሌት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሸጋገሩ ፈተናዎቹም አብረው መሸጋገር መቻላቸው ነው፤ «መቶ ፻ ነው» የሚለው ጥያቄ በየትኛውም ቋንቋ መልሱ አንድ ነው።

ነገር ግን ሲና ወንድሙ ሲ ፕላስ ፕላስ በሌላ በር ተመለሱ። አይቢኤም በ1999 ለሕዝብ የከፈተው አይሲዩ የተባለው ትልቅ ላይብረሪ የዓለምን ፊደላትና አቆጣጠሮች በአንድ ላይ የሚይዝ ነው፤ በኋላም የኢትዮጵያን ዘመን አስገባ። ይህም ሁለት መልክ አለው፤ በዓመተ ምሕረትና በዓመተ ዓለም። ለፓይተን ማያያዣ ተጻፈለት። ከዚያ በ2012 ለጃቫስክሪፕት የቋንቋና የአገር ልማድ ደንብ ጸደቀ፤ ክሮምና ፋየርፎክስ የተባሉት ማሰሻዎች ደንቡን የፈጸሙት አይሲዩን በውስጣቸው ከትተው ለስክሪፕቱ በር በመክፈት ነው። እንግዲህ ዛሬ ከልደታ ወደ ሜክሲኮ የሚመጣው ሰው በኪሱ የያዘው ስልክ የኢትዮጵያን ዘመን በትክክል የሚቆጥር ኮድ አለበት፤ ድረ ገጹን የሚጽፈው ሰው በአንድ መስመር ጃቫስክሪፕት ሊጠራው ይችላል። ማውረድ የለም፣ መጫን የለም። ሊብኢትና ላይቭ ግዕዝ ያለሙት ይህንኑ ነበር።

የግዕዝ ቁጥርም በሌላ መንገድ ወደ ማሰሻዎች ገባ። የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ሲኤስኤስ ዝርዝሮችን በግዕዝ ቁጥር የመቁጠሪያ ዘዴ አለው፤ ስሌቱ ያው ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረጉ የመክፈል ሕግ ነው። የደንቡ ጽሑፍ 78,010,092ን በምሳሌነት ወስዶ ፸፰፻፩፼፺፪ ይላል። ለዚህም አውቶማቲክ ፈተና አለ፤ የማሰሻ ሠሪዎች በጋራ በሚይዙት ትልቅ የፈተና ክምችት ውስጥ። ክምችቱን የሚያስኬደው በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም ነው፤ የሚፈተሸው ማሰሻ በአብዛኛው ሲ ፕላስ ፕላስ ነው። አንድ መሐንዲስ የዝርዝር አቆጣጠሩን ኮድ ቢለውጥና ፩ን በማይጣልበት ቦታ ቢጥል፣ አማርኛ አንዲት ቃል ባያውቅም ፈተናው ቀይ ሆኖ ይነግረዋል።

ያልተዘጋው ክፍተት በጃቫስክሪፕት በኩል ነው። አይሲዩ ቁጥርን ወደ ግዕዝ መቀየር ያውቃል፤ የጃቫስክሪፕቱ ደንብ ግን የሚቀበለው አሃዝ በአሃዝ የሚተኩ ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ እንደ ዓረብኛና እንደ ሂንዲ ያሉትን። የእኛ ቁጥር በስሌት የሚሠራ ስለሆነ በሩ ተዘግቶበታል። ኮዱ በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ስክሪፕቱ አይደርስበትም። በ2022 በተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃም ይሁን ከሥሩ ባሉት ትንንሽ ቢሮዎች፣ ዓመተ ምሕረቱን በግዕዝ ቁጥር በደረሰኝ ላይ ሊያትም የሚፈልግ የድረ ገጽ ፕሮግራመር ስሌቱን አሁንም በእጁ ይጽፋል። የሚጽፍ ሁሉ ከመጀመሩ በፊት አራት ፈተና ይጻፍ፤ ፻፣ ፼፣ ፻፼ እና ፻፩፼።